ፍራፍሬ ውሃ ነው፦ ስለ ፍራፍሬ ካፕኬክ ለጠየቃችሁን

በዚህ እትም የመረጥናቸው ደብዳቤዎች በሙሉ ስለ አንድ ነገር ናቸው፦ በትኩስ ፍራፍሬ፣ በማርና ፉርሽካው ባልወጣለት ዱቄት ስለሚጋገር ካፕኬክ። ጥያቄዎቹ ቢለያዩም አብዛኛው ብልሽት ምንጩ አንድ ነው። ፍራፍሬ ሲጨመር ሊጡ ውስጥ የሚገባው ጣዕም ብቻ አይደለም፤ ውሃ፣ ስኳርና አሲድም አብረው ይገባሉ። ይህ ካልታሰበበት ጥሩ ዱቄትና ዕንቁላል በከንቱ ይባክናል።

ስለ ልኬት አስቀድመን እንግባባ። ኩባያ ስንል 240 ሚሊ ሊትር የሚይዘውን መለኪያ ነው እንጂ የቡና ስኒ ወይም የሻይ ብርጭቆ አይደለም። የሾርባ ማንኪያ 15 ሚሊ ሊትር፣ የሻይ ማንኪያ 5 ሚሊ ሊትር ነው፤ ሁለቱም አፋቸው በቢላ ተስተካክሎ እንጂ ተቆልሎ አይደለም። ዱቄትን ግን በሚዛን ይለኩ። አንዱ ሰው ጠቅጥቆ፣ ሌላው ነስነስ አድርጎ የሞላው አንድ ኩባያ ዱቄት በቀላሉ የ30 ግራም ልዩነት ያመጣል።

ጥያቄ፦ ማንጎ ከትፌ ካፕኬክ እጋግራለሁ። ኦቨን ውስጥ እያለ በጣም ያምራል፣ ኩፍ ይላል። ሳወጣው ግን መሃሉ ይሰረጉዳል፤ ማንጎውም ሥሩ ላይ ተጠራቅሞ ገንፎ ይመስላል። ከኢንተርኔት ያገኘሁት አሠራር ለ200 ግራም ዱቄት 2 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር ይላል። ምን አጠፋሁ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እርስዎ ያጠፉት የለም፤ አሠራሩ የተጻፈው ለባሕር ጠረፍ ከተማ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች። እዚህ የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ስለሆነ ከቤኪንግ ፓውደሩ የሚወጣው ጋዝ ከልክ በላይ ይነፋል። ሊጡ በፍጥነት ያብጣል፤ ዱቄቱና ዕንቁላሉ ግን ገና አልረጉም። የሚደግፈው ሲያጣ ተመልሶ ይወርዳል፣ መሃሉም ይሰረጉዳል። ስለዚህ ቤኪንግ ፓውደሩን ከ2 የሻይ ማንኪያ ወደ 1 ተኩል ወይም ወደ 1 ያውርዱት። ስኳር ሲበዛም ኬኩ ቶሎ ስለማይረጋ ከእያንዳንዱ ኩባያ ስኳር 1 ወይም 2 የሾርባ ማንኪያ ያንሱለት። በስኳር ለሚሠራ ኬክ የኦቨኑን ሙቀት በ10 ዲግሪ ከፍ ማድረግም ይረዳል፤ ውጪው ቶሎ ሲረጋ መሃሉን ይይዘዋል። የመጀመሪያዎቹን 15 ደቂቃዎች በሩን አይክፈቱ።

ሁለተኛው ጉዳይ ማንጎው ነው። ከ100 ግራም ማንጎ 83 ግራም ያህሉ ውሃ ነው። ሙዝ 75፣ ፖምና አናናስ 86፣ ፓፓያ 88፣ እንጆሪ 91 ናቸው። ጥሬ ማንጎ ሊጥ ውስጥ ሲገባ በሙቀቱ ይህን ውሃ ይለቃል፤ በዙሪያው ያለው ሊጥም ሳይበስል ይቀራል። ፍሬውን ከ1 ሴንቲ ሜትር በማይበልጥ ቁራጭ ይክተፉት፤ ከዚያ ያለ ዘይት በመጥበሻ ላይ ከ5 እስከ 8 ደቂቃ እያገላበጡ ያሙቁት። ጭማቂው ተኖ ቁርጥራጩ የሚያብለጨልጭ ሲሆን ያውርዱትና በደንብ ያቀዝቅዙት። ለ12 ካፕኬክ ከ150 ግራም በላይ ቁርጥራጭ አይጨምሩ።

ፍሬው እንዳይሰምጥ ዱቄት ነስንሶ ማሸት ብዙ ይመከራል። የሚረዳው ትንሽ ነው፤ ሊጡ ከቀጠነ ዱቄት የለበሰውም ይሰምጣል። ዋናው የሊጡ ውፍረት ነው። ማንኪያ ሞልተው ያንሱና ዘንበል ያድርጉት። እንደ ሽሮ ወጥ ቢፈስ ቀጥኗል። ማንኪያው ላይ ሙጭጭ ብሎ አልወርድ ቢል ወፍሯል። ለአፍታ ቆይቶ በአንድ ጊዜ ጓል ሆኖ ዱብ ካለ ልኩ ያ ነው። ለዋስትና ደግሞ በየወረቀቱ መጀመሪያ አንድ ማንኪያ ፍሬ የሌለው ሊጥ ያድርጉ፤ ፍሬውን በቀረው ሊጥ ውስጥ ቀላቅለው ከላይ ይሙሉበት።

አናናስና ፓፓያ ከሆነ ማሞቁን በፍጹም አይዝለሉ። ሁለቱም በጥሬያቸው ፕሮቲን የሚሰባብር ኢንዛይም አላቸው፤ ከእርጎ ጋር ተቀላቅለው ጥቂት ከቆዩ እርጎው ይቀጥንና ይመራል። ፍሬው ውስጡ ድረስ እስኪግል ከተሞቀ ኢንዛይሙ ይከሽፋል።

ጥያቄ፦ በግራም የተለካ፣ ለአዲስ አበባ የሚሆን፣ ያለ ስኳር የሚሠራ የሙዝ ካፕኬክ ብትሰጡን። (ከአዲስ አበባ፣ ሳሪስ)

መልስ፦ ለ12 ካፕኬክ የሚያስፈልገው ይህ ነው፦ ፉርኖ ዱቄት 100 ግራም፣ ፉርሽካው ያልወጣለት የስንዴ ዱቄት 100 ግራም፣ ቤኪንግ ፓውደር ግማሽ የሻይ ማንኪያ፣ ቤኪንግ ሶዳ ሩብ የሻይ ማንኪያ፣ ጨው ሩብ የሻይ ማንኪያ፣ ቀረፋ 1 የሻይ ማንኪያ፣ የተፈጨ ኮረሪማ ሩብ የሻይ ማንኪያ፤ የተላጠ ሙዝ 250 ግራም፣ ማር 100 ግራም፣ 2 የፈረንጅ ዕንቁላል፣ ዘይት 75 ሚሊ ሊትር፣ እርጎ 60 ሚሊ ሊትር። የሐበሻ ዕንቁላል አነስ ስለሚል 3 ያድርጉት።

ሙዙ ቆዳው ጥቁር ነጠብጣብ ያወጣ ይሁን። ቢጫው ሙዝ ውስጥ ገና ስታርች አለ፤ ሲጠቁር ስታርቹ ወደ ስኳር ይለወጣል፣ መዓዛውም ይወጣል። አረንጓዴ ቀመስ በሆነ ሙዝ ጋግሮ ማሩን ማብዛት ኪሳራ ነው።

ኦቨኑን በ180 ዲግሪ ለ20 ደቂቃ አስቀድመው ያግሉ። ደረቁን ሁሉ በአንድ ላይ ይንፉ፤ ወንፊቱ ላይ የቀረውን ፉርሽካ መልሰው ይጨምሩት፣ ያልተነፋ ዱቄት የገዛነው ለእሱ ነውና። ሙዙን በሹካ ይደፍጥጡት፤ ትንንሽ እብጠቶች ቢቀሩ ጥሩ ነው። በሌላ ጎድጓዳ ሳህን ዕንቁላሉን፣ ማሩንና ዘይቱን ለ1 ደቂቃ ይምቱ፣ እርጎውንና ሙዙን ይጨምሩ። ማሩ ረግቶ ከሆነ ዕቃውን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አቁመው ያሟሙት።

አሁን ደረቁን በእርጥቡ ላይ ያድርጉና በሰፊ ማንኪያ ከሥር ወደ ላይ እየገለበጡ ያዋህዱ። ከ12 እስከ 15 ጊዜ መገልበጥ ይበቃል፤ ደረቅ ዱቄት ዓይን ላይ ካልታየ ያቁሙ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው፤ ሊጡ እብጠት እብጠት ስላለው ሚክሰር ያነሣል። ዱቄት ከእርጥብ ጋር በተመታ ቁጥር ግሉተኑ፣ ማለትም የስንዴው የሚለጠጥ ፕሮቲን፣ ይጠነክራል፤ ለዳቦ ጥሩ ነው፣ ለካፕኬክ ግን አናቱ ሹል፣ ውስጡ ረጃጅም ቀዳዳ ያለበት፣ ሲያኝኩት የሚለጠጥ ያደርገዋል።

ሊጡን ለ10 ደቂቃ ይተዉት፤ ፉርሽካው ውሃ ይጠጣል። ከዚያ በላይ ከቆየ ሶዳው ጉልበቱን ይጨርሳል። ወረቀቱን ሁለት ሦስተኛ ሞልተው ከ20 እስከ 22 ደቂቃ ይጋግሩ። ስቲኪኒ መሃሉ ላይ ሲወጋ እርጥብ ሊጥ ሳይሆን አንድ ሁለት ፍርፋሪ ይዞ ቢወጣ ደርሷል። ጨርሶ ንጹሕ እስኪወጣ ከጠበቁ ኦቨኑ ያደርቀዋል።

ሶዳውን «ትንሽ ጨምሬ ላስነሣው» አይበሉ። የሶዳ ጉልበት የቤኪንግ ፓውደርን ሦስት አራት እጥፍ ነው፤ የሚሠራውም አሲድ ሲያገኝ ነው። ሙዙ፣ ማሩና እርጎው ሩብ የሻይ ማንኪያውን ይችሉታል። ትርፉ ኬኩን ሳሙና ሳሙና እንዲል ያደርገዋል፣ መልኩንም ያጠቁረዋል።

ጥያቄ፦ ሌሎች ኬኮችንም በስኳር ፋንታ በማር መሥራት እፈልጋለሁ። የ8 ወር ልጅ አለችኝ፤ እናቴ ደግሞ ስኳር አለባት። ማር ለሁለቱም ይሻላል አይደል? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ከኋላው እንጀምር፤ የሚያሳስበን እሱ ነው።

ለልጅዎ ማር አይስጡ። 1 ዓመት ሳይሞላው ለማንኛውም ሕፃን፣ በጥሬውም ሆነ ተጋግሮ፣ ማር አይሰጥም። ማር ውስጥ ክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም የሚባለው ባክቴሪያ ስፖር፣ ማለትም እንደ ዘር ተኝቶ የሚቆይ ጠንካራ ቅርጹ፣ ሊኖር ይችላል። ትልቅ ሰው ላይ አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት አያመጣም፤ የሕፃን አንጀት ውስጥ ግን አድጎ መርዝ ያመነጫል። «ተጋግሮ የለም ወይ?» የሚሉ አሉ። ኦቨኑ 180 ዲግሪ ቢሆንም የኬኩ ውስጥ ከ100 ዲግሪ አያልፍም፤ ስፖሩን ለመግደል ደግሞ በግፊት የሚገኝ 121 ዲግሪ ያህል ሙቀት ያስፈልጋል። ለእሷ ማሩን ትተው ሙዙን በ60 ግራም ይጨምሩላት፤ በደንብ የበሰለ ሙዝ ለሕፃን ይጣፍጣል። ሙሉ ለውዝና ሙሉ ዘቢብም ለትንንሽ ልጆች ማነቂያ ስለሚሆኑ ይቅሩ።

እናትዎን በተመለከተ፣ ማር ደም ውስጥ ሲገባ ስኳር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ባወጣው መመሪያ ማርንና የፍራፍሬ ጭማቂን ከተጨመረ ስኳር ጋር አንድ ላይ ይቆጥራቸዋል፤ በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚመገብ አዋቂ ከ50 ግራም እንዳያልፍ፣ ከ25 ግራም በታች ቢሆን ደግሞ የተሻለ እንደሆነ ይላል። ከላይ ያለው ሙዝ ካፕኬክ አንዱ፣ ዱቄቱም ሙዙም ተደምሮ፣ 24 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት አለው። ሐኪማቸው የፈቀደላቸውን መጠን ከዚህ ጋር ያስተያዩት። ግማሹን ከምግብ በኋላ መብላት አንዱን ሙሉ በባዶ ሆድ ከመብላት ይሻላል።

ለሌላው ቤተሰብ ልውውጡ እንዲህ ነው፦ በ100 ግራም ስኳር ፋንታ 90 ግራም ማር ያስገቡ፤ ከሌላው ፈሳሽ 2 የሾርባ ማንኪያ ይቀንሱ፤ ቁንጥር ሶዳ ይጨምሩ፤ ሙቀቱን በ10 ወይም 15 ዲግሪ ዝቅ ያድርጉ፣ ማር ቶሎ ይጠቁራልና። ከፍ ባለ ቦታ ለስኳር ኬክ ሙቀት ጨምሩ ያልነውና ይህ ይጣፋሉ፤ የሙዝ ካፕኬኩን 180 ላይ ያቆምነው ለዚህ ነው። ነጭ ማር መዓዛው ቀለል ስለሚል ለማንጎና ለፖም ይስማማል። ጠቆር ያለው የደን ማር ከሙዝና ከቀረፋ ጋር ነው የሚያምርበት።

ማር ከተወደደ ቴምር አለ። ፍሬው የወጣለት 200 ግራም ቴምር በ120 ሚሊ ሊትር ሙቅ ውሃ ለግማሽ ሰዓት ዘፍዝፈው ከነውሃው ይፍጩት። አሠራሩ ላይ ላለው 100 ግራም ማር 120 ግራም ከዚህ ይጠቀሙ። ከማር የሚለየው ቃጫው አብሮት መኖሩ ነው።

ጥያቄ፦ ለጾም ያለ ዕንቁላልና ያለ እርጎ ስሠራው እንደ ድፎ ጥቅጥቅ ይልብኛል። (ከደሴ)

መልስ፦ ዕንቁላል ያይዛል፣ ያረጥባል፣ አየርም ይይዛል። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ተልባ ይተካልናል። ለ2 ዕንቁላል 2 የሾርባ ማንኪያ የደቀቀ ተልባ በ6 የሾርባ ማንኪያ ውሃ አዋህደው 10 ደቂቃ ያቆዩት፤ ሲያነሡት የሚለጠጥ ሙጫ ከሆነ ደርሷል። ተልባው ከተቆላ በስሱ ይሁን፤ ያረረ ተልባ ሙሉውን ኬክ ያመርረዋል።

አየሩን ደግሞ ከሶዳና ከአሲድ እናገኛለን። በእርጎው ፋንታ 60 ሚሊ ሊትር የብርቱካን ጭማቂና 1 የሻይ ማንኪያ ሎሚ ያስገቡ፤ የአንዱን ብርቱካን ልጣጭ ብርቱካናማውን ክፍል ብቻ ፍቀው ይጨምሩ፣ ነጩ ይመራል። ዘይቱን በ1 የሾርባ ማንኪያ ከፍ ያድርጉ። ሊጡ እንደተዋሐደ ወዲያው ወደ ኦቨን ይግባ፤ እዚህ 10 ደቂቃ ማሳረፍ አያስፈልግም። መጋገሪያውን ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ያስረዝሙ። የጾም ካፕኬክ እንደ ዕንቁላሉ አይቆለልም፤ ከፍታ ፍለጋ ቤኪንግ ፓውደር የሚያበዙት ናቸው መሃሉ የሚወርድባቸው።

የሱፍ አበባ ወተት ከተጠቀሙ በማግሥቱ ኬኩ ውስጡ አረንጓዴ ሊል ይችላል፤ ሻጋታ አይደለም። ፍሬው ውስጥ ያለው ክሎሮጀኒክ አሲድ ከሶዳ ጋር ሲገናኝ ቀለሙን ይለውጣል። ጉዳት የለውም፤ 1 የሻይ ማንኪያ ሎሚ ቢጨመርበት ይቀንሳል። የገበታ ቅቤ የሚጠቀሙ ደግሞ ማሸጊያውን ያንብቡ፣ ወተት ያለባቸው አሉ።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ እያለሁ የምሠራው ካፕኬክ እዚህ አልነሣ አለኝ። ዱቄቱን ብቀይርም ያው ነው። (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ ዱቄቱን ይተዉት። ወደ ባሕር ወለል ወርደዋልና ከላይ ስለ ከፍታ የጻፍነውን ይገልብጡት። ለሙዝ ካፕኬኩ፦ ቤኪንግ ፓውደሩ 1 ተኩል የሻይ ማንኪያ ይሁን፣ ሶዳው ባለበት ይቆይ፣ ከእርጎው 1 የሾርባ ማንኪያ ይቀነስ፣ ሙቀቱ 175 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሁን። ኦቨንዎ በፋራናይት ከሆነ 350 ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ ግሉተን አይስማማውም። በጤፍ ብቻ ይሆናል? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ይሆናል፤ ጤፍ ግሉተን የለውም። የሚያሳስበው ወፍጮው ነው። ስንዴና ገብስ በሚፈጭበት ወፍጮ የተፈጨ ጤፍ የስንዴ ዱቄት ይዞ ይመጣል፤ የሴሊያክ ሕመም (ግሉተን አንጀትን የሚጎዳበት ሕመም) ላለበት ልጅ ያ ትንሹ ራሱ ይጎዳዋል። ቤት ውስጥ በተለየ መፍጫ የተዘጋጀ ወይም ለዚሁ ተብሎ የታሸገ ዱቄት ይፈልጉ፤ ቤኪንግ ፓውደሩም ውስጥ ስንዴ አለመኖሩን ያረጋግጡ።

የሙዝ ካፕኬኩ አሠራር ላይ ያለውን ዱቄት በ180 ግራም ጤፍና በ1 የሾርባ ማንኪያ የደቀቀ ተልባ ይተኩ፣ 1 ዕንቁላል ይጨምሩ። ጤፉን ከሙዙ፣ ከእርጎውና ከዕንቁላሉ ጋር አዋህደው 30 ደቂቃ ያሳርፉት፤ ይህ ካልሆነ ሲበሉት አሸዋ አሸዋ ይላል። ቤኪንግ ፓውደሩና ሶዳው የሚገቡት ከዚያ በኋላ፣ መጨረሻ ላይ ነው። ቀይ ጤፍ ለሙዝና ለቴምር፣ ነጩ ለማንጎና ለፖም ይሻላል። በሁለተኛው ቀን ስለሚደርቅ የዕለቱን ያህል ብቻ ይጋግሩ።

ጥያቄ፦ ኬኩ ግማሹ ወረቀቱ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። (ከአዳማ)

መልስ፦ ዘይት ቀንሰውበታል ወይም ትኩሱን ልጠውታል። ቅባቱ ያነሰ ኬክ ወረቀት ይይዛል፤ ለ200 ግራም ዱቄት ከ60 ሚሊ ሊትር ዘይት በታች አይውረዱ። ከኦቨን በወጣ በ5 ደቂቃ ውስጥ ከትሪው አውጥተው በወንፊት ነገር ላይ ያቀዝቅዙት፣ ትሪው ውስጥ ከቆየ እንፋሎቱ ወረቀቱን ያረጥበዋል። ለ1 ሰዓት ያህል ሳይቀዘቅዝ አይላጥ።

ጥያቄ፦ መሃል ላይ መብራት ቢጠፋስ? ኦቨን የሌለውስ ምን ያድርግ? (ከድሬዳዋ)

መልስ፦ መብራት ሲጠፋ የሚያዩት ሰዓት ነው። 15 ደቂቃ ካለፈው በሩን ሳይከፍቱ ሌላ 15 ደቂቃ ይተዉት፤ የቀረው ሙቀት ይጨርስለታል። ከ8 ደቂቃ በፊት ከሆነ ሊጡ አልረጋምና ከታች እንደምንገልጸው ወደ ድስት ያዛውሩት፤ ቁመቱ ቢያንስም ይበላል።

ኦቨን የሌለውም በድስት ይጋግር። ድስቱ ወፍራምና ውስጡ ያልተለበጠ ይሁን፤ እንዳይጣበቅ የተለበጠ ድስት ባዶውን ማጋል ጥሩ አይደለም። ከሥሩ የብረት ሳህን ደፍተው፣ ከድነው በመካከለኛ እሳት 10 ደቂቃ ያግሉት። ወረቀቶቹን በትንንሽ የብረት ኩባያዎች ውስጥ አድርገው በሳህኑ ላይ ይደርድሩ፣ እሳቱን ዝቅ ያድርጉ። ክዳኑን በስስ ንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው ጫፎቹን ወደ ላይ እጀታው ላይ ይሰሩ፤ ወደ ታች ከተንጠለጠሉ እሳት ይይዛቸዋል። ጨርቁ እንፋሎቱን ስለሚጠጣው ጠብታ ኬኩ ላይ አይወርድም። ከ25 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጃል። አናቱ ነጣ ብሎ ይቀራል እንጂ ውስጡ ከኦቨኑ አያንስም፤ መልክ ከፈለጉ ሊጡን እንደሞሉ ስስ የፖም ቁራጭና ቀረፋ ጣል ያድርጉበት።

ጥያቄ፦ ለልጆች ልደት ያለ ፋብሪካ ቀለም ላሳምረው እፈልጋለሁ። (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ቀለሙን ሊጡ ውስጥ ሳይሆን ከላይ ይጠቀሙበት። ቀይ ሥር ሊጥ ውስጥ ገብቶ ሲጋገር ቡናማ ይሆናል፤ እርድም ሶዳ ሲያገኝ ይቀላል። 500 ግራም ወፍራም እርጎ በንጹሕ ሻሽ አንጠልጥለው ፍሪጅ ውስጥ ያሳድሩት። ጠዋት ማንኪያ የሚያቆም ክሬም ሆኖ ያገኙታል። 2 የሾርባ ማንኪያ ማር አዋህደው ከፋፍሉት፤ አንዱን ጭማቂው በተነነ እንጆሪ፣ አንዱን በተፈጨ ማንጎ ያቅልሙት። የሚቀባው ኬኩ ፈጽሞ ሲቀዘቅዝ፣ እንግዶቹ ሊመጡ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ነው። የተቀባው ከፍሪጅ ውጭ ከ2 ሰዓት በላይ አይቆይ፤ ያልተቀባውን ግን በፌስታል አጥብቀው አስረው ፍሪዘር ውስጥ እስከ 2 ወር ማስቀመጥ ይችላሉ። ሲያወጡት እንደታሰረ ይቅለጥ፣ አለዚያ ውሃው ላዩ ላይ ይሰበሰባል።